ራም ስጨምር ካርዱ ለምን ዜሮ ያነባል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አቃቂ በኩል ላለ አንድ ወርክሾፕ የሞተር ንዝረት ለሚለካ የድሮ ፒሲአይ ካርድ (ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ) የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ጽፌ ነበር። 4 ጊጋ ራም ላይ ይሰራል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ድርቅ ይል ነበር። አሁን 16 ጊጋ ሳደርገው ዜሮ በዜሮ ያነባል፣ አንዳንዴ ማሽኑ ጭራሽ ይቆማል። ራሙ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ገዛሁ፣ ያው ነው። በፈሩን (ዳታው የሚያርፍበትን የሜሞሪ ቦታ) በኬማሎክ (የሊኑክስ ዋና ክፍል በሆነው ከርነል ውስጥ ሜሞሪ መያዣ ፈንክሽን) ይዤ ፊዚካል አድራሻውን (የቦታውን ትክክለኛ ቁጥር) ለካርዱ እሰጠዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራምህ ጤነኛ ነው፣ ሌላ ብር እንዳታወጣ። እንዲህ ያሉ የድሮ ካርዶች አድራሻ የሚቀበሉት በ32 ቢት ሬጅስተር (ካርዱ ውስጥ ቁጥር መያዣ ቦታ) ስለሆነ ከ4 ጊጋ በላይ አይደርሱም። በፈርህ 5 ጊጋ ላይ ቢወድቅ ላይኛው ቢት ይቆረጥና ካርዱ 1 ጊጋ ላይ ሄዶ ይጽፋል፣ ያንተ በፈር ባዶውን ይቀራል፣ እዛ ቁጭ ያለው የሌላ ፕሮግራም ወይም የራሱ የከርነሉ ዳታ ይበላሻል፣ ማሽኑ የሚቆመው ለዚህ ነው። በ4 ጊጋ ጊዜም ድርቅ የሚለው ከዚሁ ይመስለኛል፣ ከ4 ጊጋ በታች ካለው አድራሻ የተወሰነው ለፒሲአይ ዕቃዎች ስለሚያዝ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም) የተረፈውን ራም ወደ ላይ ያሻግረዋል። ለማረጋገጥ ማሽኑን ሳትፈታ ከርነሉ 3 ጊጋ ብቻ እንዲጠቀም አድርገህ አስነሳው፣ ካርዱ ከተስተካከለ ችግሩ እሱ ነው።

ፊዚካል አድራሻ በእጅህ ማስላቱን ተወው። ፕሮብ ፈንክሽንህ ላይ (ከርነሉ ካርዱን ሲያገኝ የሚጠራው) የዲኤምኤ ማስኩን 32 ቢት ብለህ ለከርነሉ ንገረው (ዲኤምኤ ካርዱ ራሱ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ሲጽፍና ሲያነብ ነው፣ ማስኩ የሚደርስበትን የአድራሻ ወሰን ይናገራል)፣ እምቢ ካለህ ድራይቨሩ እዛው ይቁም። ከዛ በፈሩን በዲኤምኤ ኤፒአይ (ከርነሉ ለዚህ ባዘጋጃቸው ፈንክሽኖች) ማፕ አድርግ፣ ማለትም ካርዱ የሚጠቀምበትን አድራሻ ተቀበል፣ ስህተት እንዳልመለሰም ቼክ አድርግ። አይኦኤምኤምዩ (የካርዶችን አድራሻ የሚተረጉም ሃርድዌር) ካለ ካርዱ የሚችለውን አድራሻ ይሰጠዋል፣ ከሌለ ከርነሉ ከ4 ጊጋ በታች ባለ ባውንስ በፈር (ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ቦታ) በኩል ያሳልፍልሃል።

እዚህ ጋ ግን በጣም ተጠንቀቅ፣ እኔ ሁለት ሌሊት ያጣሁበት ቦታ ነው። ካርዱ ጨርሻለሁ ብሎ ኢንተራፕት (ለፕሮሰሰሩ የሚላክ ምልክት) ቢልክም፣ ባውንስ በፈር ከተጠቀመ ዳታው ገና ባውንስ በፈሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ወደ በፈርህ የሚገለበጠው ሲንክ (ዳታውን ማመሳሰል) ወይም አንማፕ (ማፑን መፍታት) ስታደርግ ነው፣ ቀድመህ ካነበብክ አሁንም ዜሮ ታያለህ፣ ከዛ ማስኩን ትጠራጠራለህ። ንዝረት ደግሞ ሳያቋርጥ ስለሚመጣ ሁሌ መገልበጡ ይከብዳል፣ ላንተ የሚሻለው ገና ሲነሳ ኮሂረንት ሜሞሪ (ካርዱም ፕሮሰሰሩም ያለ ሲንክ አብረው የሚያዩት) መያዝና እሱኑ ደጋግሞ መጠቀም ነው፣ ማስኩን አስቀድመህ ከነገርከው ካርዱ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው የሚሰጥህ።

32 የሚለውንም ከኔ ብቻ አትውሰድ፣ የካርዱን ማኑዋል ገልጠህ ሬጅስተሩ ስንት ቢት እንደሆነ እይ፣ 30 እና 28 ቢት ብቻ የሚችሉ ካርዶችም አሉ።