ግሉተን ካቆሙ በኋላም ስለማይለቅ የደም ማነስና የሆድ መነፋት

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። ሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ትንሹን አንጀት እንዲጎዳ የሚያደርግ በሽታ) እንዳለብዎ ከታወቀ ስምንት ወር እንደሆነው፣ ዳቦና ፓስታ ፈጽመው እንደተዉ፣ ሆኖም ድካሙ እንዳልለቀቀዎ፣ ፌሪቲንዎ (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የደም ምርመራ) እና ቫይታሚን ዲዎ አሁንም ዝቅተኛ እንደሆኑ፣ ወተት ሲጠጡና ሽሮ ሲበሉም ሆድዎ እንደሚነፋ ገልጸው «ቫይታሚኖቹን ሁሉ ገዝቼ ልጀምር? ወተቱን፣ ሽሮውንና ሽንኩርቱንስ ልተው?» ብለዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን «ጨጓራ ነው» እየተባልኩ ብዙ ዘመን መድኃኒት ስወስድ ቆይቼ በሽታዬ ሴሊያክ መሆኑ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ስለታወቀ፣ እርስዎ ያሉበትን ደረጃ አልፌበታለሁ። መልሴ ባጭሩ፦ ሌላ ምግብ ከመቀነስዎ በፊት የሚበሉትን እንጀራ ይመርምሩ፤ ቫይታሚንም ጎድሎ የተገኘውን ብቻ ይውሰዱ።

ዳቦና ፓስታ መተውዎን ጽፈዋል፤ ስለ እንጀራዎ ግን ምንም አላሉም። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። እዚህ አሜሪካ በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል። እኔ ከምገዛበት ሱቅ እንጀራ የምታቀርበውን ሴት ስጠይቃት «ጤፍ ነው፤ ዓይን እንዲያወጣልኝ ብቻ ትንሽ ገብስ ጣል አደርግበታለሁ» ብላ በቅንነት ነገረችኝ። ያቺ ትንሽ ገብስ ለእኛ ብዙ ናት። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የምግብ አለርጂ ሕግ በማሸጊያው ላይ በግልጽ እንዲነገሩ ካዘዛቸው ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች መካከል ስንዴ አለ፤ ገብስ ግን የለም። ስለዚህ «ስንዴ አለው» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የተጻፈበት ምግብ ግን በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ሊኖረው ይገባል። እኔ በመጨረሻ እርሾውን ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ አንሥቼ፣ ምጣዱን፣ ማሰሻውንና ሰፌዱን ለይቼ ቤቴ መጋገር ጀመርኩ። ከአገር ቤት የሚላክልን ሽሮና በርበሬም ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ ሊሆን ስለሚችል፣ ሽሮውን ከተለቀመና ከታጠበ ሽምብራ እዚሁ ማዘጋጀቱ ይሻላል። በሶ፣ ቆሎና ጠላ እንደማይነኩ መቼም ያውቃሉ።

ወደ ቫይታሚኖቹ ስመለስ፣ ብረት፣ ፎሌት (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ) እና ካልሲየም በብዛት ወደ ደም የሚገቡት በትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ነው፤ ሴሊያክም አስቀድሞ የሚጎዳው ይህንኑ ክፍል ነው። በዚህ የተነሣ ተቅማጥ የሌለበት ሰው እንኳ ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። የዐዋቂ ሰው አንጀት እስኪያገግም ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ በስምንት ወር ሁሉ ነገር ባይስተካከል ተስፋ አይቁረጡ። ቫይታሚኖቹን በሙሉ ገዝቶ መዋጥን ግን አልመክርም። ቫይታሚን ኤ እና ዲ በሰውነት ውስጥ ስለሚከማቹ መጠናቸው ሲበዛ ይጎዳሉ፤ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ያደነዝዛል፤ ፎሊክ አሲድም (በእንክብል የሚወሰደው ፎሌት) የቢ12 እጥረት ያመጣውን ደም ማነስ ሲያስተካክል የነርቩ ጉዳት ተሸፍኖ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ፎሌት፣ ቢ12 እና ዚንክ እንዲለኩልዎ፣ እጅና እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነም መዳብ እንዲጨመር ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቫይታሚን ዲን በተመለከተ፣ ጥቁር ቆዳ ይዘን ክረምቱ በሚረዝምበት አገር ስለምንኖር ፀሐዩ ብቻውን አይበቃንም፤ የሚወስዱትን መጠን ግን በውጤትዎ መሠረት ሐኪሙ ይወስን። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም ያንሡበት።

ብረቱን እንዴት እንደሚወስዱት አልጻፉም። እኛ ቤት ምግብ እንደተነሣ ቡና ይፈላል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዛሉ። እኔ እንክብሉን ጠዋት በባዶ ሆድ በብርቱካን ጭማቂ እየወሰድኩ፣ ቡናውን ሁለት ሰዓት አዘግይቼ፣ ካልሲየሙን ወደ ማታ ካዞርኩ በኋላ ነው ፌሪቲኔ ከፍ ማለት የጀመረው። ሐኪሜ አንድ ቀን እየዘለልኩ እንድወስደው ማዘዙም ለሆዴ ቀለለኝ። በአፍ የሚወሰደው ካልሠራ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ። ጤፍ ብረት አለው ብለው በእንጀራ ብቻ አይተማመኑ፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን ይይዘዋል፤ ቡኮው በደንብ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ስለሚቀንስ በችኮላ ከሚጋገረው ይልቅ ጥቂት ቀን የቆየው ይመረጣል።

ጾም የሚጾሙ ከሆነ፣ ቢ12 ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኝ በመሆኑ በዐቢይ ጾም ዋዜማ መለካቱ ጥሩ ነው። ውጤቱ ዝቅ ካለ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቅዱስ ቁርባኑም ከስንዴ የሚዘጋጅ ስለሆነ በዚያው ሳያፍሩ ያስረዷቸው።

ስለ ወተቱ፣ ላክቶስን (የወተት ስኳርን) የሚፈጨው ኢንዛይም የሚመነጨው ሴሊያክ በሚጎዳቸው የትንሹ አንጀት ግድግዳ ጥቃቅን ጣት መሰል እጥፎች ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ አንጀቱ ሲያገግም ብዙዎች ወተት መልሰው ይችላሉ። ይሁንና ከእኛ መካከል ሴሊያክ ሳይኖርበትም ካደገ በኋላ ወተት የማይስማማው ብዙ ሰው አለ። ለጊዜው ወተቱን ቀንሰው እርጎና አይብ በትንሽ በትንሹ ይሞክሩ፤ የተነጠረ ቅቤ ላክቶሱ እጅግ አነስተኛ ነው። ሽሮና ሽንኩርት የሚነፉዎት በውስጣቸው ያሉት የስኳር ዓይነቶች ትልቁ አንጀት ውስጥ ስለሚብላሉ ነው፤ ያስጨንቃሉ እንጂ እንደ ግሉተን አንጀትን አያቆስሉም። ጥራጥሬን ጨርሶ መተው፣ በተለይ ለጾመኛ፣ ፕሮቲኑንም ፎሌቱንም ማጣት ስለሆነ መጠኑን መቀነስ ይሻላል። ምስሩን ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉ፤ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተው ካወጡት ጣዕሙ በዘይቱ ይቀራል፤ የሚነፋው ነገር በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። አንዱን ምግብ ሲሞክሩ ሌላውን አይለውጡ፤ የበሉትንና የተሰማዎትን በማስታወሻ ይያዙ። በደም ውስጥ አይጂጂ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ለክቶ የማይስማሙ ምግቦችን ዝርዝር የሚሰጠውን ውድ ምርመራ ግን የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት አይመክሩትም። ያንን ዝርዝር ተከትላ የምትበላው ነገር ያለቀባትና በጣም የከሳች ዘመድ አለችኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ቲቲጂ የተባለው የሴሊያክ የደም ምርመራ ከመጀመሪያው ጋር እንዲነጻጸር ይጠይቁ። ካልወረደ፣ የሚጠረጠረው የተደበቀ ግሉተን ስለሆነ ሴሊያክ ከሚያውቅ የምግብ ባለሙያ ጋር ምግብዎን አንድ በአንድ ይዩት፤ ወርዶ ሳለ ድካሙና መነፋቱ ከቀጠሉ ታይሮይድና በትንሹ አንጀት የባክቴሪያ መብዛት መታየት አለባቸው። ልጆችዎና ወንድም እህቶችዎም ይመርመሩ፤ ምርመራው የሚሠራው ግን ግሉተን እየበሉ ሳለ ስለሆነ ከዚያ በፊት ስንዴና ገብስ እንዳያቆሙ ይንገሯቸው።