መጀመሪያ ፊልሙን፣ ከዚያ ፕሮጀክተሩን

እህታችን ከደሴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። በአባትሽ ሣጥን ውስጥ ትንንሽ የፊልም ጥቅሎችና አንድ ፕሮጀክተር አግኝተሻል፤ ግድግዳ ላይ አብርተሽ በስልክሽ መቅረጽ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል። እኔም እዚህ ኮምቦልቻ የቤተሰባችንንና የጎረቤቶቻችንን ጥቅሎች በዚሁ መንገድ ቀድቻለሁ። ዛሬ ማታ ግን ሶኬቱን እንዳትሰኪ እለምንሻለሁ።

አብዛኛው የቤት ፊልም ኔጋቲቭ የለውም። ካሜራ ውስጥ ያለፈው ራሱ ታጥቦ ነው በፕሮጀክተር የሚታየው። ስለዚህ በእጅሽ ያለው ጥቅል ብቸኛው ነው፤ ከተቀደደ ወይም ከተቃጠለ ሌላ የለም።

በመጀመሪያ ጥቅሉን አሽትቺው። የአቼቶ ሽታ ካለው ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ለይተሽ አስቀምጪ፣ ትነቱ ደህናዎቹንም ይጎዳልና። ከተሸበሸበ ወይም ከተጠማዘዘ ደግሞ ፕሮጀክተር ውስጥ ጨርሶ አታስገቢው። ቀጥሎ ጫፉን ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርገሽ ቀዳዳዎቹን ተመልከቺ። ቀዳዳው ሰፋ ያለና በሁለት ሥዕሎች መካከል ከሆነ መደበኛው 8 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባብና ከሥዕሉ መሃል ጎን ለጎን ከሆነ ደግሞ ኮዳክ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሱፐር 8 ነው። ሁለቱ በስፋት እኩል ስለሆኑ ሰው ይሳሳታል፤ ለአንዱ የተሠራ ፕሮጀክተር ግን የሌላውን ቀዳዳ ይቦጫጭቀዋል።

ፕሮጀክተሩን ያለ ፊልም አስነሺው። ለ110 ቮልት የተሠራ ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ለዓመታት የቆመ ማሽን ቺንጋው ደርቆ ወይም ቀልጦ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ልኩን ከመለዋወጫ ሱቅ ማግኘት ይቻላል። ፊልሙ የሚያልፍበትን በር በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ፣ እዚያ የተቀመጠች አንዲት አሸዋ ጥቅሉን ከዳር እስከ ዳር ትጭረዋለችና። ፊልሙንም ክር በማይለቅ ደረቅ ጨርቅ ቀስ ብለሽ አሳልፊው። ውሃም ሆነ የፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል አይነካው፤ ሥዕሉን የያዘው ጄላቲን በውሃ ያብጣል። ከዚያ የማትሳሺለትን ቁራጭ ፊልም አስቀድመሽ ሞክሪ። እየታየ ሳለ ከቆመ በዚያው ቅጽበት አምፖሉን አጥፊ፤ ሥዕሉ መሃል ላይ ቡናማ አረፋ መሰል ነገር ካየሽ ፊልሙ እየቀለጠ ነው።

አሁን ወደ ቀረጻው። ግድግዳውን ተይው። የፕሮጀክተሩ አምፖል ደካማ ስለሆነ ሥዕሉ ሲሰፋ ይደበዝዛል። በማያብረቀርቅ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ከኤ4 ባልበለጠ ስፋት አብሪው፤ ክፍሉ ድቅድቅ ይሁን። ስልክሽን በትራይፖድ ከፕሮጀክተሩ ሌንስ አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ተጠግተሽ አቁሚው፤ ከራቀ ሥዕሉ በአንድ ጎን ይሰፋል። ፎከሱን፣ የብርሃን መጠኑንና ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በእጅሽ ወስነሽ ቆልፊው።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ሲልበት ነው። የብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች መዝጊያ፣ ማለትም እየዞረ ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል፣ ባለ ሦስት ክንፍ ስለሆነ እያንዳንዱን ፍሬም (አንዱን ሥዕል) ሦስት ጊዜ ያበራል። ፍጥነቱ በሰከንድ 16 ከ2/3 ፍሬም ሲሆን በሰከንድ 50 ብልጭታ ይሆናል። ስልክሽን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የመዝጊያ ፍጥነቱን 1/50 አድርገሽ የፕሮጀክተሩን የፍጥነት ቁልፍ በጣም በቀስታ አዙሪ። ዓይንሽ ከስልኩ ስክሪን አይነሣ፤ መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ ጥቁር ጥላ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ድንገት ይረጋል። እዚያ ላይ እጅሽን አንሺ። ሱፐር 8 በአብዛኛው የተቀረጸው በሰከንድ 18 ፍሬም ስለሆነ በኋላ በኮምፒውተር 8 በመቶ ያህል ብታፈጥኚው የሰዎቹ አረማመድ ትክክል ይመጣል። 15 ሜትር የሆነው ትንሹ የሱፐር 8 ጥቅል በዚህ በትክክለኛው ፍጥነት 3 ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም።

እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ ፎቶ የማንሣት ዘዴም አለ፤ ጥራቱ የላቀ ነው። ነገር ግን ከአንድ ትንሽ የሱፐር 8 ጥቅል 3,600 ያህል ፎቶ ይወጣል፣ ማሽኑም መነካካት አለበት። በዚያ አትጀምሪ።

አጥብቄ የምለምንሽ ሌላ ነገር አለ። የቤት ፊልም ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም። ቀድተሽ ስትጨርሺ ቡና አፍልተሽ አክስቶችሽንና የአባትሽን እኩዮች ሰብስቢ፤ እያዩ የሚያወሩትን በሌላ ስልክ ቅረጪ። በእኛ ቤት አንዲት እናት በሠርግ ፊልም ለአፍታ ብቻ የምታልፍን ሴት ከአረማመዷ ለይተው ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የተዳረችበትን አገር ሳይቀር ነግረውናል። ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ጦሳ ይሁን ሌላ ተራራ፣ የትኛው ሰፈር እንደሆነም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በኮዳክ ፊልም ጠርዝ ላይ ያሉት ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይጠቁማሉ፤ በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ ግን የሽማግሌዎቹን ትውስታ ይፈልጋሉ። ይህን አታዘግዪው፤ ፊልሙ ከሰዎቹ ይልቅ ሊቆይ ይችላል።

ከተቀዳ በኋላም ጥቅሎቹን አትጣያቸው፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ይመጣል። የደሴ ብርድ ለፊልም ይስማማዋል፣ የክረምቱ እርጥበት ግን ጠላቱ ነው። ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቀሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ። ቪዲዮውንም በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠሽ አንዱን ሌላ ቤት አኑሪ።

ከማብራትሽ በፊት የቀዳዳዎቹንና ከፕሮጀክተሩ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ እዚህ ላኪልን፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አይተን እንነግርሻለን።