«ፈንጂ ኮከብ» ቢባል ምን ያስቃል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ተመራማሪዎች የጽንፈ ዓለሙን ስፋት በፈንጂ ኮከቦች ይለካሉ ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። የሚፈነዱ ነው የፈነዱ? ወይስ ሱፐርኖቫ ብዬ ልገላገል?»

ጓደኛዎ ይሳቅ፤ ሰዋስዉ ከእርስዎ ጋር ነው። ነዳ ነጂ ይላል፣ ጎዳ ጎጂ ይላል፣ ፈነዳም ፈንጂ ይላል። ግሡ የማይሻገር ስለሆነ ፈንጂ ራሱ የሚፈነዳ ነው። ሌላውን የሚያፈነዳው አፈንጂ ነው። ቃሉም ከባሩድ ጋር አልተወለደም፤ እምቡጥ ሲከፈትም ፈነዳ እንላለን። (ኮከቦች ማለትዎም ደስ ብሎኛል። «ከዋክብቶች» ቢሉ ኖሮ መልስ አልሰጥም ነበር።)

ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የኮከብ ፍንዳታ፣ «ልዕለ አዲስ ኮከብ» ይባል የሚሉ አሉ። ይህ የላቲኑን ኖቫ፣ ማለትም «አዲስ»ን፣ እንዳለ መገልበጥ ነው። የዴንማርኩ የሰማይ ተመራማሪ ቲኮ ብራሄ በ1572 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከዚያ በፊት ያልነበረ ብርሃን ሰማይ ላይ ቢያይ አዲስ ኮከብ መሰለው። ነገሩ ግን የኮከብ መሞቻ ነው። የእሱን ግምት ለምን እንወርሳለን? ጅራታም ኮከብ ያለው የኛ ሰው ያየውን ነው የሰየመው።

«የሚፈነዳ» እና «የፈነዳ» በጊዜ ይለያያሉ። በ1987 በዓይን የታየው ፍንዳታ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 160 ሺህ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ስለዚህ ለመለኪያ የሚያገለግለን የፈነዳ ኮከብ ነው።

ለመለኪያው ደግሞ አማርኛ ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ባለ 60 ሻማ አምፖል» እንል የለ? የአምፖሉን ሻማ ካወቁ ከድብዘዛው ርቀቱን ያሰላሉ፤ እጥፍ ሲርቅ ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ተመራማሪዎቹም «ዓይነት አንድ ኤ» የሚባሉትን ፍንዳታዎች መለኪያ ሻማ ይሏቸዋል። ነጭ ድንክ የሚባል የኮከብ ቅሪት ከጎረቤቱ ቁስ እየሳበ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ያህል ሲከብድ ይፈነዳል። ድምቀታቸው የሚቀራረበው ለዚህ ነው። ትንሽ ቢለያዩም ቀስ ብሎ የሚደበዝዘው ይበልጥ ደማቅ መሆኑ ስለሚታወቅ ልዩነቱ ይታረማል። በ1998 ሁለት ቡድኖች ሩቆቹ ሻማዎች ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው፣ ማለትም ከተጠበቀው በላይ ርቀው አገኟቸው። ጽንፈ ዓለሙ የሚሰፋው እየፈጠነ ነው ማለት ነው። በ2011 ኖቤል አስገኝቷል።

እንደ እኔ ምርጫ ፈንጂ ኮከብ ጥሩ አማርኛ ነው። ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ፈንጂ ሲባል ለሰው የሚታየው መሬት ውስጥ የተቀበረው ነው። ሱፐርኖቫም ለምዷል። እሺ፣ ይበሉት። «ሱፐርኖቫው ፈነዳ» ብለው ግን እንዳይጽፉ፤ ሱፐርኖቫ ፍንዳታው ራሱ ነው፣ የሚፈነዳው ኮከቡ ነው።