መልስ፦ የኤፒስኮፓል ወንዶች ማኅበር

ወንድሜ፣ «ጎረቤቴ ወደ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን (የአሜሪካ አንግሊካኖች) ወንዶች ማኅበር ጋበዘኝ፤ የዘር ዕርቅ፣ የጥቁርና የነጭ፣ የሚሉት የምር ነው ወይስ ወሬ?» ላልከው። የጋበዘህ ማኅበር የቅዱስ እንድርያስ ወንድማማችነት የሚባለው ከሆነ፣ በ1883 እ.ኤ.አ. ቺካጎ የተጀመረ ነው። ጸሎት፣ ጥናትና አገልግሎት ነው ሥራቸው። የእኛን ጽዋ ማኅበር አስብ፣ በጠላው ፋንታ ቡና።

ዕርቁ ለእኔ የታየኝ ኩሽና ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ለምግብ እደላ ሽንኩርት ስንልጥ፣ አንድ ጥቁር አዛውንት በልጅነታቸው ከነጮች ጋር በአንድ በር መግባት ይከለከሉ እንደነበር አነሱ። አጠገባቸው ያሉት ነጭ ሽማግሌ ቢላቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሟቸው። ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳቸው አልልህም።

ስለ አብሳሎም ጆንስም ጠይቃቸው። የመጀመሪያው ጥቁር የኤፒስኮፓል ቄስ ነው፤ ቀድሞ ፊላደልፊያ የነበረበትን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቁሮች ተለይተው ይቀመጡ ሲባል ጥሎ የወጣ። ታሪኩን ሳይሸሹ ካወሩህ ግባ። ብቻ ሱፍ ለብሰህ እንዳትሄድ!