ስለ ኤምአርአይ ማሽን ጠይቁኝ

የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣውን ኤምአርአይ የምተክልና የምጠግን ባዮሜዲካል ኢንጂነር ነኝ። ስለ ማሽኑ ያሻችሁን ጠይቁ። ውጤት ማንበብ ግን የሐኪም ሥራ ነው፤ እሱን አታምጡብኝ።

ጥያቄ፦ እናቴ ደጋግማ ተነሥታለች። ጨረሩ አይጎዳትም?
መልስ፦ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ያለ ጨረር የለውም። የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምስሉ ከየት ይመጣል?
መልስ፦ በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጂን። የሃይድሮጂን አቶም አስኳል በራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ውስጥ ስትገቡ ወደ ማግኔቱ አቅጣጫ የሚያደሉት አስኳሎች ወደ ተቃራኒው ከሚያደሉት የሚበልጡት ከሚሊዮን በ5 ያህል ብቻ ነው። በሬዲዮ ሞገድ ሲመቱ ያዘነብላሉ፤ ከዚያ እነሱም ሞገድ ይሰጣሉ። ሞገዱ በ1.5 ቴስላ 64፣ በ3 ቴስላ 128 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ መሀላቸው ላይ ነው ያለው። የክፍሉ ግድግዳ በመዳብ የሚለበጠውም የውጭ ሞገድ እንዳይገባ ነው። በሩ በደንብ ካልተዘጋ ምስሉ ላይ መስመር ይወጣል።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው?
መልስ፦ ሞገዱ ከየትኛው የሰውነት ቦታ እንደመጣ ለመለየት የሚያገለግሉት ጥቅል ሽቦዎች ናቸው። ኤሌክትሪኩ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየርባቸው ትልቁ ማግኔት ይገፋቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ስፒከርም የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው። የጆሮ መከላከያ ካልሰጧችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ማግኔቱም ይጠፋል?
መልስ፦ ኧረ አይጠፋም! የማግኔቱ ሽቦ የኒዮቢየምና የታይታኒየም ብረቶች ቅይጥ ነው። ፈሳሽ ሂሊየም (እጅግ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ) ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ፣ ኤሌክትሪክን ምንም አይቃወምም። ኤሌክትሪኩ አንዴ ከተሞላ ከመስመር ቢነቀልም ሽቦው ውስጥ ለዓመታት ይዞራል። የሚቆመው ማቀዝቀዣው ነው፤ ያኔ ሂሊየሙ መትነን ይጀምራል። ስለዚህ ጄኔሬተር የምትገዙ ሰዎች፣ ኮምፒውተሩን ብቻ አታስቡ። ማቀዝቀዣው ይቅደም። ደግሞ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ማግኔቱ አለ። ጽዳት ሠራተኛውም ጥበቃውም ይህን ይወቁ፤ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር በሩን ካለፈ እንደ ጥይት ነው የሚበረው።

ጥያቄ፦ ቀዩን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ተጭኖ ማግኔቱን ማጥፋትስ?
መልስ፦ ሰው ከማግኔቱ ጋር ከተጣበቀና ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ፣ ይጫኑት። ለሌላ አይነካ። ሂሊየሙ በአንዴ ይተንናል፤ 1 ሊትሩ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ማውጫ ቱቦው ከተደፈነ ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን ያሳጣል። የወፍ ጎጆ ሊደፍነው ይችላል፤ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ያለ ሂሊየም አይሆንም?
መልስ፦ ይሆናል። ቋሚ ማግኔት ያላቸው አሉ፤ 0.064 ቴስላ ሆኖ አልጋ ድረስ የሚገፋ የጭንቅላት ማሽንም አለ። ምስላቸው ግን ደከም ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አቅም ካለ በ7 ሊትር ሂሊየም የታሸገው 1.5 ቴስላ ይሻላል። የቀድሞዎቹ ከ1000 ሊትር በላይ ይይዛሉ።