ልጄ ወርክሺቱን ስታይ ታለቅሳለች

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ በመስከረም ኬጂ ሦስት ትገባለች። ለክረምቱ ዕረፍት ፊደል የሚገለበጥበትና ቁጥር እስከ 100 የሚጻፍበት ብዙ ወርክሺት ከትምህርት ቤት ተሰጥቷታል፤ ገና ሳወጣው ማልቀስ ትጀምራለች። እንቁጣጣሽም ደረሰ። እስከ በዓሉ ላስጠናት ወይስ ልተዋት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወርክሺቱን ለጥቂት ቀናት ያስቀምጡትና በበዓሉ በራሱ ያስተምሯት።

ከጳጉሜን ይጀምሩ። አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ብቻ ያላት ወር ለሕፃን ጣት የተመጠነች ናት። ከችቦው እንጨት በቀኖቹ ልክ ስንጥር አዘጋጅተው በየማለዳው አንዱን እንድታነሣ ያድርጉና «ለእንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀረን?» ብለው ይጠይቋት። መቀነስ ይኸው ነው፤ ምልክቱን ቆይታ ትማረዋለች።

ቁጥርን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ብዙ ልጆች እስከ 20 ሳይደናቀፉ ይጠራሉ፤ ሰባት ሲኒ ሲቀርብላቸው ግን አንዱን ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ፣ ሌላውን ይዘሉታል። በቃል መጥራትና መቁጠር የተለያዩ ችሎታዎች ናቸውና፣ የበዓሉ ቡና ከመፈላቱ በፊት ባዶውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ እያለች እርሷ ትደርድር፤ ከጎደለም ስንት እንደጎደለ ራሷ ትንገርዎ። አቦል፣ ቶናና በረካም አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛን ከማንኛውም ወርክሺት በተሻለ ያስረዷታል። ትኩሱን ጀበና ግን ከአጠገቧ ያርቁ።

ለፊደሉ አደይ አበባ አለልዎት። «አበባ» የሚለውን በትልቁ ይጻፉላትና «በ» እና «ባ» ጎን ለጎን መቆማቸውን ያሳዩዋት። ቀኝ እግሩ ሲረዝም ድምፁም እንደሚለወጥ፣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች፣ ድምፁንም እያወጣች ትየው። ይህ ከገባት በኋላ «ለ»ን ጽፈው «ላ»ን ራሷ እንድትሠራው ይጠይቋት፤ ስታገኘው ፊቷን ይመልከቱ! ሀ ሁ ሂን በዜማ መውረድ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ዜማውን ብቻ የያዘች ልጅ አንድ ፊደል ተነጥሎ ሲቀርብላት ከመጀመሪያው ካልተነሣች አትለየውም።

በአዲስ ዓመት ሥዕል ሥሎ ለጎረቤት መስጠት በአብዛኛው የወንዶች ልጆች ወግ ቢሆንም፣ እርሷም የአደይ አበባ ሥዕል ትሣልና ከሥሩ ስሟን ትጻፍበት። ፊደሏ ቢጣመም አያርሙባት፤ የጻፈችውን ሰው ተቀብሎ ሲያነብላት ማየቷ ይበልጣል።

ወደ ወርክሺቱ ከበዓሉ በኋላ ሲመለሱ በቀን ከአንድ ገጽ አያስበልጡ፤ ያላለቀውንም ለመምህሯ ሲያስረክቡ፣ በምትኩ ምን እንደሠራችሁ ሥዕሉን ይዘው በግልጽ ያስረዷት።