ከጭቃ ግድግዳ ጋር የማይጣላ መደርደሪያ

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም የጻፉልን አንባቢ በጓሯቸው 3 በ4 ሜትር የሆነች፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት የሥራ ቤት አለቻቸው። የአናጢነት ዕቃው፣ የቧንቧና የመብራት ቁርጥራጩ፣ የተረፈው ቀለምና ሲሚንቶ፣ በዚያ ላይ የእርሻው ማዳበሪያ አንድ ላይ ይቀመጥባታል። ግድግዳው ላይ በምስማር የመቱት መደርደሪያ በክረምቱ መሀል ከነጭቃው ተገንጥሎ ወደቀ። ምስጥ የአንዱን ሣጥን ታች በልቶታል፤ መጋዝና መሮውም ዝጓል። «መደርደሪያውን በምን ላጠናክረው? ወይስ የብረት ልግዛ? 6 ሜትሩን ቱቦላሬስ (ውስጡ ክፍት የሆነውን ረጅም ብረት) የት ላግባው?» ይላሉ።

መልስ፦ ምስማር ቢጨምሩበት አይረዳዎትም። ጭድ የተቦካበት ጭቃ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት ይችላል፤ ወደ ፊት ሲጎትቱት ግን ይለቃል። መደርደሪያዎ ከግድግዳው 40 ሴ.ሜ የወጣ ነው እንበል። የዕቃው ክብደት መሀሉ ላይ፣ ማለትም ከግድግዳው 20 ሴ.ሜ ርቆ ያርፋል። ከሥሩ የመቱት ደጋፊ ቁመቱ 20 ሴ.ሜ ከሆነ፣ 60 ኪሎ ዕቃ ሲጭኑበት የላይኞቹ ምስማሮች በድምሩ 60 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደ ፊት ይሳባሉ። በግድግዳው ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ያገኘ ምስማር ይይዛል፤ ጭቃ ብቻ ያገኘው ግን ግድግዳው የክረምቱን እርጥበት ሲጠጣ ይለቃል። 60 ኪሎ ብዙ አይምሰልዎ፤ ምስማር የሞላ ባለ 4 ሊትር የቀለም ጣሳ ብቻውን 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ስለዚህ መደርደሪያው በገዛ እግሩ ወለል ላይ ይቁም። ግድግዳው ወደ ፊት እንዳይደፋ ይያዘው እንጂ አይሸከመው። ይህን ካደረጉ የብረት መግዛት አያስፈልግዎትም። በብሎን የሚገጣጠመው ስስ የላሜራ መደርደሪያ ለቢሮ ወረቀት እንጂ ለምስማርና ለሲሚንቶ አልተሠራም፤ ቀጭን እግሩም በአፈር ወለል ውስጥ ይሰምጣል። ከአንጎላሬ (ጎኑ ማዕዘን ከሆነ ወፍራም ብረት) የተበየደው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ምስጥ ብረቱን ባይበላም በብረቱ ላይ መንገዱን ሠርቶ ወጥቶ ሣጥኑን ይበላል። ለወፍራም ብረት የሚያወጡትን ገንዘብ ለጥሩ መጋዝ ቢያውሉት ይሻላል።

ልኩን እንዲህ ያድርጉት። በ4 ሜትሩ ግድግዳ በኩል ርዝመቱ ከጫፍ ጫፍ 2.40 ሜትር፣ ቁመቱ 1.80 ሜትር ይሁን። ለዚህ 5 በ7 ሴ.ሜ የሆነ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) 4 ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቋሚ ሲቆርጡ 8 ቋሚ ይወጣል። ለአግዳሚ 4 በ5 ሴ.ሜ የሆነ ባለ 4 ሜትር 3 ይግዙ፤ እያንዳንዱ 51 ሴ.ሜ የሆኑ 7 ቁራጮች ይሰጥዎታል። ለደርቦቹ 2.5 ሴ.ሜ ውፍረት፣ 20 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ባለ 4 ሜትር ጣውላ 6 ያስፈልጋል። 5ቱ ለአራቱም ደርብ ይበቃሉ፤ 6ኛው በጀርባው ለሚመታው ሰያፍ ነው። ባለ 10 ሴ.ሜ ምስማር 1 ኪሎ፣ ባለ 7 ሴ.ሜ ግማሽ ኪሎ። ቺፕውድ ርካሽ ነው ብለው እንዳይታለሉ፤ የጎጃም ክረምት አንዴ ሲያርፍበት እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ከዚያ ወዲያ ምስማርም አይዝ።

ለዚህ ሥራ ባሕር ዛፍ በቂ ነው፤ ዋንዛማ ለመደርደሪያ አይባክንም። ችግሩ እርጥብ ጣውላ መግዛት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ሸክም ተጭኖበት ከደረቀ ደግሞ የጎበጠው አይመለስም። ጣውላውን ከክረምቱ በፊት ገዝተው ጥላ ሥር ይከምሩት። በየ50 ሴ.ሜው እኩል ውፍረት ያላቸውን መለያ እንጨቶች ያግቡበት፤ የላይኛው መለያ በታችኛው ትክክል ይዋል፣ አለዚያ ጣውላው በመሀል ይጎብጣል። ከላዩ ድንጋይ ይጫኑበት። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያውጡት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል።

ቋሚዎቹ ከፊትና ከኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየ78 ሴ.ሜው ይቆማሉ። ለምን ቢሉ፦ ሸክሙ ሳይጨምር በሁለት እግር መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን የጣውላው መጉበጥ ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ብዙ ሰው መሀል ያለውን እግር ትቶ ጣውላውን ያወፍራል። 1.60 ሜትር ክፍተት ላይ እንደ 80 ሴ.ሜው ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ግን ውፍረቱ 5 ሴ.ሜ መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ የጣውላውን ዋጋ እጥፍ ያደርገዋል። ሁለት ተጨማሪ ቋሚ ይረክሳል።

ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ ሊወስድ የሚገባው እግሩ ነው። ለ8ቱም ቋሚ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ያዘጋጁ፤ ስፋቱ 25 በ25 ሴ.ሜ ቢደርስ ጥሩ ነው። 15 ሴ.ሜ ጉድጓድ ቆፍረው ጠጠር ይጠቅጥቁበትና ድንጋዩን ያስቀምጡ፤ ላዩ ከወለሉ 5 ሴ.ሜ ይነሣ። ከዚያ 8ቱንም በአንድ ውሃ ልክ ያግቧቸው። አጭር ውሃ ልክ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ስሕተት ይደምራል፤ ውሃ የሞላ ግልጽ የላስቲክ ጎማ ይሻላል። አንዱ ድንጋይ 1 ሴ.ሜ እንኳ ቢወርድ መደርደሪያው በሙሉ ይጠማዘዛል፤ ጥፋቱ ግን ከላይ በተከፈተ መጋጠሚያ ስለሚታይ ሰው ምስማሩን ይረግማል።

በድንጋዩና በእግሩ መካከል 15 በ17 ሴ.ሜ የሆነ የላሜራ ቁራጭ ይግባ። በአራቱም ጎን 5 ሴ.ሜ ይተርፋል፤ የተረፈውን በሰያፍ ወደ ታች ይጠፉት። ይህ ላሜራ ምስጡን አይገድለውም። ሥራው ምስጡ በተሰወረ ቦታ እንዳይወጣ መከልከል ነው፤ መውጣት ከፈለገ በላሜራው ጠርዝ ዙሪያ የጭቃ መንገዱን በግልጽ ይሠራል፣ እርስዎም አይተው በመጥረጊያ ያፈርሱታል። ላሜራውን በምስማር እንዳይበሱት፤ ቀዳዳው በር ይሆነዋል። የቋሚዎቹን የታች 30 ሴ.ሜ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሁለት ጊዜ መቀባት የተለመደ ነው፣ ይረዳልም፤ ግን በደረቀ እንጨት ላይ ብቻ ነው የሚጠጣው። ከዚያ በላይ አይቀቡ፤ ልብስና ዕቃ ያበላሻል፣ እሳትም ይወዳል።

አሁን ይግጠሙ። ከፊትና ከኋላ የሚቆሙትን ሁለት ቋሚዎች መካከላቸው 41 ሴ.ሜ ክፍት ሆኖ ያጋድሟቸውና ከታች በ30፣ በ80፣ በ120 እና በ160 ሴ.ሜ ላይ አግዳሚ ይምቱ። የቋሚው 5 ሴ.ሜ ከፊት ወደ ኋላ፣ 7 ሴ.ሜው በመደርደሪያው ርዝመት በኩል ይዋል፤ አግዳሚው ከጎን ሲመታ ባለ 10 ሴ.ሜው ምስማር የአግዳሚውን 4 ሴ.ሜ አልፎ 6 ሴ.ሜው በቋሚው 7 ሴ.ሜ ውስጥ ይቀራል፣ በሌላ በኩልም አይወጣም። በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት፣ ጎን ለጎን ሳይሆን በሰያፍ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ዝም ብለው ቢመቱት ይሰነጠቃልና አስቀድመው በትራፓኖ (በመብሻ መሣሪያ) በ3 ሚ.ሜ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ይብሱት። የሁለቱ ዳርቻ ክፈፎች አግዳሚዎች ወደ ውስጥ ይዙሩ።

እንዲህ የተመቱትን አራት ክፈፎች ድንጋዮቹ ላይ አቁመው ሁለት ሁለት ጣውላ በቋሚዎቹ መካከል ያስገቡ፤ በጣውላዎቹ መካከል 1 ሴ.ሜ ይተዉ፣ እርጥበት ሲመጣ ይሰፋሉና። ከ5ቱ ጣውላ 2.40፣ 2.40 ከቆረጡ 1.60፣ 1.60 ይተርፍዎታል፤ የቀሩት ሦስት ረድፎች 1.60 እና 0.80 ተጋጥመው ይሞላሉ። ጣውላ በሚጋጠምበት ቦታ ብቻ ከቋሚው በሌላኛው ጎን ትርፍ አግዳሚ ይምቱ፤ 5 ተርፎዎታል፣ የሚያስፈልገው 3 ነው።

ከዚህ በኋላ ሳይቸኩሉ ሰያፉን ይለኩ። ርዝመቱ 2.40፣ ቁመቱ 1.80 ከሆነ ከታች ጥግ እስከ ላይኛው ተቃራኒ ጥግ ልክ 3.00 ሜትር መሆን አለበት፤ ግንበኛ መሠረት ሲጥል የሚጠቀምበት የ3፣ 4፣ 5 ልክ ነው። 2.98 ወይም 3.02 ካለ ገፋ አድርገው ያስተካክሉና ከ6ኛው ጣውላ በረጅሙ የሰነጠቁትን 5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ሰያፍ በጀርባው ይምቱ። ያለዚህ ሰያፍ የጠነከረው ምስማር ሁሉ በጊዜ ይላላል፤ መደርደሪያ የሚያወዛውዘው በጎን የሚመጣ ግፊት ነውና።

ከግድግዳው 10 ሴ.ሜ ያርቁት። ምስጥ በግድግዳው በኩልም ስለሚመጣ ክፍተቱን በባትሪ ማየት መቻል አለብዎ። እንዳይደፋ ከላይ በሁለት ቦታ ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር በወፍራም ሽቦ ወይም በጠፍጣፋ ብረት ይሰሩት። በእንጨት ቁራጭ አያያይዙት፤ ለምስጡ ድልድይ መሥራት ይሆናል። ቋሚው የት እንዳለ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱ ድምፁ ይነግርዎታል።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አልልም፤ ሲሚንቶ፣ ምስማርና ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ መያዣ ብረት) ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ሲሚንቶው 50 ኪሎ ስለሆነ በአንድ ክፍተት ከአንድ ከረጢት በላይ አይጫኑ። ካርቶን ግን ከቤቱ ያውጡ፤ የምስጥ ምግብ፣ የአይጥ ጎጆ ነው። በምትኩ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን እጀታው እንዳለ አንድ ጎኑን ቢቆርጡት ጥሩ መሳቢያ ይሆናል፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ይጠብ። ስም ከመጻፍ ይልቅ የውስጡን ምስማር ወይም ብሎን አንድ ፊቱ ላይ በሽቦ ይሰሩበት፤ ጽሑፍ በዘይት እጅ ይጠፋል። የሚለዩት በርዝመት ይሁን፤ የቆርቆሮ ምስማር ግን ለብቻው። «ልዩ ልዩ» የሚባል ጄሪካን ካስፈለገ አንድ ብቻ ይኑር፤ ሁለተኛው የመጣ ዕለት ቤቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ዝገቱ ከመደርደሪያው የተለየ ጉዳይ ነው፤ በእርስዎ ቤት ዋናው ጠንቅ ማዳበሪያው ይመስለኛል። ዩሪያም ሆነ ሌላው ማዳበሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብናኙ ብረት ላይ ሲያርፍ በፍጥነት ያዝገዋል። መጋዝ ካለበት ቤት ያውጡት። በረኪናና የመኪና ባትሪም እንዲሁ፤ ክዳናቸው የተዘጋ ቢመስልም ትነታቸው ብረት ይበላል። ሁለተኛው ቆርቆሮው ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ላብ ያወጣና ይንጠባጠባል። በክዳኑና በግድግዳው መካከል የአየር መውጫ ይተዉ፣ በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት፤ ከክዳኑ ሥር ባለው 50 ሴ.ሜ ውስጥ ብረት አይስቀሉ። መጋዝና መሮ ጭቃውን እንዳይነኩ በግድግዳው ቋሚዎች ላይ አግድም በተመታ ጣውላ ላይ ይንጠልጠሉ። ሰኔ ሳይገባ ንጹሕ የሞተር ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጓቸው፤ ስስ ሽፋን ይበቃል፣ ወፍራሙ የእንጨት ብናኝ ሰብስቦ እርጥበት ይይዛል። የዛገውን በናፍጣ ነክረው አሳድረው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት። ናፍጣውን፣ ቤንዚኑንና ቲነሩን ግን የብረት መቁረጫ ብልጭታ ከሚደርስበት አርቀው፣ ቢቻል ከቤቱ ውጭ በተቆለፈ የብረት ሣጥን ያኑሩ።

ቱቦላሬው 6 ሜትር ነው፤ የቤትዎ ወለል ከጥግ ጥግ እንኳ 5 ሜትር ብቻ ስለሆነ አጋድመው አያስገቡትም። ሳይቆርጡት ከውጭ፣ ዝናብ በማይገርፈው የክዳን ጠርዝ ሥር ያኑሩት። ለማሳረፊያ ግድግዳውን አይንኩ፤ በየ1.20 ሜትሩ መሬት ላይ በድንጋይ የቆሙ አጫጭር እግሮችን ሠርተው ከመሬት 40 ሴ.ሜ ያንሡት። በአንድ ጫፍ 3 ሴ.ሜ ያህል ዝቅ ቢል ውስጡ የገባ ውሃ ይፈሳል። ያልተሠራበት ቆርቆሮ ካለም አጋድመው አይደራርቡት፤ በሁለቱ መካከል የገባ ውሃ ስለማይደርቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል። በቁሙ ሰያፍ አድርገው፣ ታቹን ከመሬት አንሥተው ያስደግፉት።